ድምፅ በቀዳዳ ነው የሚገባው

ደሴ፣ ከኮምቦልቻ በሚያስገባው መንገድ ዳር ጂ+2 ሠርቼ አከራየሁ። የመጀመሪያዎቹ ተከራዮች ሦስት ወር አልሞሉም። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የሚመጣ ሲኖትራክ ልክ በራችን ላይ ማርሽ ይቀይራል። ሌሊት የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። «ቤቱ ቆንጆ ነው፣ እንቅልፍ ግን የለም» ብለው ወጡ።

ደነቀኝ። የውጭውን ግድግዳ በ20 ሳንቲም ብሎኬት ነበር ያሠራሁት። ግድግዳ በከበደ ቁጥር ድምፅ ይከለክላል፣ ይሄ እውነት ነው። የኔ ስህተት ብሩን ሁሉ ግድግዳው ላይ አፍስሼ መስኮቱን ችላ ማለቴ ነው።

አንድ ማታ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ልጄ ውስጥ ሆኖ ባትሪ አበራ፣ እኔ ውጭ ቆሜ አየሁ። ከመስኮቱ ፍሬም ጥግ፣ ከበሩ ሥር፣ የመብራት ገመድ ከገባበት ቀዳዳ ብርሃን ይወጣል። ብርሃን የወጣበት ሁሉ ድምፅ ይገባበታል።

ቀዳዳውን በሲሊኮን ደፈንኩ። መንገድ ዳር ያሉት መኝታ ቤቶች መስኮታቸው ተንሸራታች አሉሚኒየም ነበር። ተንሸራታች ጎማ ብታደርግለትም ጥብቅ አይልም፤ አወጣሁትና እንደ በር በማጠፊያ የሚከፈት አስገባሁ። ከውስጥ በኩል አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ሁለተኛ መስታወት ተጨመረ። በስልክ መተግበሪያ ስለካው ወደ 10 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) ቀንሷል። የስልክ ልኬት ለክስ አይሆንም፣ ልዩነቱን ግን ያሳያል። 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ለጆሮ ግማሽ ያህል ነው የሚመስለው።

ላይኛው ፎቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። አንዷ ተከራይ «ጋሼ፣ የጎረቤቴን የስልክ ወሬ ሁሉ እኮ እሰማለሁ» አለችኝ፣ እያፈረች። ወጥቼ ሳይ የክፍሎቹ ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ከኮርኒሱ በላይ ክፍሎቹ አንድ ናቸው። ብሎኬቱን እስከ ቆርቆሮው አስቀጠልኩና በሁለቱም በኩል አስለሰንኩት። ያልተለሰነ ብሎኬት ድምፅ እንደ ወንፊት ነው የሚያሳልፈው። ይሄን ግንበኛው ገና ሲሠራ ብነግረው ኖሮ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

የማፍርበት ግን ሌላ ነው። ገና ቤቱ ሲሠራ የአንደኛውን ፎቅ ሶሌታ፣ የኮንክሪት ወለሉን ማለቴ ነው፣ ከሰዓት መሙላት ጀመርን። ሙሌት ከተጀመረ መሃል ላይ አይቆምም። ሚክሰሩና ቫይብሬተሩ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ጮኹ። ለመኖሪያ ሰፈር የአገራችን ገደብ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የኛ ጩኸት ከዚያ በብዙ ያልፍ ነበር። ጎረቤቴ እትዬ በማግስቱ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። ልጃቸው ከሙሌቱ ማግስት ጠዋት ፈተና እንደነበረው የነገሩኝ ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ነው። ይቅርታ ስጠይቅ «አብሽር፣ ብትነግረኝ እኮ እህቴ ቤት አሳድረው ነበር» አሉ።

የሚቀጥለውን ሶሌታ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀመርን። ከሳምንት በፊት ቤት ለቤት ዞሬ ተናግሬያለሁ። መጀመሪያ ያንኳኳሁት የእትዬን በር ነው።