«ሚስማሩ አልገባ አለህ?» የሰባት ወር የቤዝ ጊታር ልምምዴ

ባለፈው ስጽፍላችሁ «ቀኝ እጄ ተስተካክሏል፤ አሁን ወደ ፈንክ እገባለሁ» ብዬ ነበር። ያንን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ሳነበው አንገቴን ያስደፋኛል። እጄ አልተስተካከለም ነበር። ጉድለቱን የሚያጋልጥ ሙዚቃ ስላልገጠመው ብቻ ነው የተስተካከለ የመሰለኝ።

ለአዲሶቹ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ፈንክ ከዜማ ይልቅ በምት ላይ የቆመ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ነው። ቤዝ ጊታር፣ ማለትም ወፍራሙን የታችኛውን ድምፅ የሚያወጣውን ጊታር፣ ከያዝኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ያገለገለ ባለ አራት ክር ጊታርና የጫማ ሳጥን የምታህል አምፕሊፋየር (የድምፅ ማጉያ) አለኝ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የፎቁ ነገር ኋላ ያስፈልገናል።

የጀመርኩት በ«ኮልድ ስዌት» ዘፈን ነው። አሜሪካዊው የፈንክ ዘፋኝ ጄምስ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1967 ሲንሲናቲ ከተማ በኪንግ ስቱዲዮ ሲቀዳው ቤዙን የያዘው በርናርድ ኦደም ነበር። ዘፈኑን ከብራውን ጋር ያዋቀረው ደግሞ ሳክስፎን ተጫዋቹ ፒ ዊ ኤሊስ ነው። የቤዙ ዜማ አጭር ነው፤ ኮርዱም ብዙ ጊዜ ካለበት አይነቃነቅም። በሁለት ቀን በቃሌ ያዝኩትና ኮራሁ። ከዚያ ከቀረጻው ጋር አብሬ መጫወት ስጀምር አራት ዙር እንኳን ሳንሄድ እነሱ ሌላ አገር፣ እኔ ሌላ አገር።

ምክንያቱን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በዚያ ዘመን በነበረው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ ጭብጨባው የሚያርፈው ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ነው። ብራውን ክብደቱን ወደ መጀመሪያው ምት ሳበው። ሁሉም «አንድ» ላይ አብሮ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሌላው ባዶ የተወውን ቦታ ፈልጎ ይገባል። የባንዱ ጊታር ተጫዋች የጂሚ ኖለን ጊታር ዜማ ከማውጣት ይልቅ ክሩን እየቧጨረ ከበሮ ይሆናል። ከበሮ መቺው ክላይድ ስታብልፊልድ ደግሞ አራተኛው ምት ላይ የሚጠበቀውን የስኔር (የትንሹ፣ ሹል ድምፅ ያለው ከበሮ) ምት ግማሽ ምት ያዘገየዋል። በጨለማ ደረጃ ስትወርዱ «አንድ ደረጃ ይቀራል» ብላችሁ ስትረግጡ መሬቱን ቀድማችሁ እንደምታገኙት ዓይነት ነው። እኔ በእያንዳንዱ ዙር እዚያ ቦታ ላይ እደናቀፍ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ችግሬ ልምጣ። አራቱ ምቶች እያንዳንዳቸው በአራት ይከፈላሉ፤ በጠቅላላው አሥራ ስድስት ጠባብ ቦታ አለ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የሚቆጠርበትን መንገድ ሞክሬው ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ «ቡ-ና-ጠ-ጡ» ማለት ጀመርኩ። አራት ቀለም፣ አራት ቦታ። ምቱ «ቡ» ላይ ይወድቃል፤ የተቀሩት ሦስቱ የማሽኮርመሚያ ቦታዎች ናቸው። አንድ ኖታ የት እንደሚገባ ለማስታወስ «የሁለተኛው ቡና ጡ ላይ» ብዬ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ወረቀቱን ያየ ሰው የጀበና ቡና ነጋዴ ሊመስለው ይችላል።

በስልክ ራሴን ቀድቼ ስሰማው ጉዱ ወጣ። «ጡ» የለችም። አፌ አራት ይቆጥራል፣ እጄ «ቡ-ና-ጠ» ብሎ ወደሚቀጥለው ይዘልላል። ሦስት ቀለም ብቻ! ይሄ እኮ ችክችካ ነው። ሠርግ ቤት ያደገ ትከሻ ነው ያለኝ፤ ምት በሰማ ቁጥር በሦስት በሦስት እየከፈለ ይሰብቃል። የስድስት በስምንቱ ምታችን ሲጎትተኝ ቀጥ ያለው አሥራ ስድስት ተጣሞ ሌላ ነገር ይሆናል። ጥፋቱ የጣት መስሎኝ ስንት ጊዜ ጣቴን ወቀስኩት! ጥፋተኛው ትከሻዬ ነበር።

መድኃኒቱ አሰልቺ ነው። ጀርባዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ ትከሻዬ እንዳይነቃነቅ አድርጌ፣ ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በደቂቃ ስልሳ ምት ላይ አስቀምጬ አንድ ኖታ ብቻ እመታለሁ። እግሬ «ቡ» ላይ ብቻ ይረግጣል። ስልሳ ላይ ሲሳካ በሁለት እጨምራለሁ። በአምስት ሳምንት ዘጠና ሁለት ደረስኩ። ዘጠና አራት ላይ ችክችካው ተመልሶ ይመጣል።

ሁለተኛው ትምህርት ዝምታ ነው። ግራ እጅ ክሩን ሳይጫን ዳሰስ ሲያደርገው ዜማ የሌለው «ጥብ» የሚል ድምፅ ይወጣል። የፈንክ ቤዝ ግማሹ ይህ ነው። ኖታው የሚያበቃበት ሰዓት ከሚጀምርበት እኩል እንደሚያስፈልግ ከዚህ በፊት ማንም አልነገረኝም፤ ወይም ተነግሮኝ አልሰማሁም።

በአምስተኛው ወር ትዕግሥቴ አልቆ በአውራ ጣት ወደ መምታት ገባሁ። የዚህ አመታት አባት ላሪ ግራሃም ነው። በወጣትነቱ ኦክላንድ አካባቢ ከፒያኖ ተጫዋች እናቱ ጋር ክለብ ውስጥ ይሠራ ነበር። በእግር የሚረገጥ ቤዝ ያለው ኦርጋን ሲበላሽ ቤዝ ጊታር ተከራየ፤ ከበሮ መቺም አልነበራቸውም። ስለዚህ በአውራ ጣቱ ክሩን እየመታ ትልቁን ከበሮ ተካ፤ በሌላው ጣት ክሩን ወደ ላይ ስቦ እየለቀቀ ስኔሩን ተካ። በኋላ ስላይ ኤንድ ዘ ፋሚሊ ስቶን የተባለው ባንድ ውስጥ ይዞት ገባና ዓለም ሰማው። ሰውየው ያደረገው የጎደለውን መሙላት ነው። እኔ ያደረግሁት ደግሞ አውራ ጣቴ ውሃ እስኪቋጥር መቀጥቀጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከታች ያሉት እናት በሩን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ሚስማሩ አልገባ አለህ?»

«ይቅርታ እማማ፤ ጊታር እየተለማመድኩ ነው።»

«ጊታር?» ብለው ወደ ውስጥ ጎንበስ ብለው አዩ። ያላመኑኝ ይመስለኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ምሽት ላይ አምፕሊፋየሩን አልሰካም።

ስለ ታሪኩ ሳነብ ከሁሉም ያንገበገበኝ የስታብልፊልድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ «ፋንኪ ድራመር» ሲቀዳ ብራውን ሌሎቹን ዝም አሰኝቶ ከበሮውን ብቻውን ተወው፤ የተለየ ትርዒት እንዳያሳይም ነገረው፤ የያዘውን ብቻ እንዲቀጥል። ሃያ ሰከንድ ያህል ነው። ከዚያ ዲጄ ኩል ሄርክ እ.ኤ.አ. በ1973 ብሮንክስ ውስጥ እንዲህ ያሉትን የከበሮ ክፍሎች በሁለት ሸክላ እያፈራረቀ በማርዘም ሂፕ ሆፕን አስጀመረ። ከተቀዳ ዘፈን ላይ ድምፅ ቆርጦ ሌላ ዘፈን ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ ሲመጣ ያቺ ሃያ ሰከንድ ከሺህ በላይ ቀረጻዎች ውስጥ ገባች። ስታብልፊልድ ግን በዘፈኑ ደራሲነት ስላልተመዘገበ የደራሲ ድርሻ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2017 አረፈ። ምት የሠራ ሰው ደራሲ የማይባልበትን ሕግ ማን እንዳወጣው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ በፈንክ ውስጥ ከምቱ ሌላ ምን ደራሲነት አለ?

ወደ አገር ቤት ሙዚቃ ስመለስ ጆሮዬ ተቀይሮ አገኘሁት። የዋልያስ ባንድን «ሙዚቃዊ ስልት» ከልጅነቴ ጀምሮ በሬዲዮ የሰማሁት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ቸበለው» አልበም ውስጥ ይገኛል፤ ደራሲው ግርማ በየነ ነው። ሁልጊዜ የምሰማው ነፋሾቹንና የኃይሉ መርጊያን ኦርጋን ነበር። አሁን ግን መላከ ገብሬን ሰማሁት፤ ቤዙን። እየደጋገመ፣ ሳይጣደፍ፣ ሌላው ሁሉ እንዲቆምበት መሬት ሆኖ። በሰዓት እላፊ ዘመን ሂልተን ሆቴል ውስጥ እስኪነጋ የሚጫወት ባንድ ስለነበር ሳይጣደፉ መቆየቱን ማን ያስተምራቸዋል! ዘፈኑን በአንድ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ሰማሁት። ችክችካ ያደገበት ትከሻና ፈንክ በአንድ ሰውነት ውስጥ መኖር እንደሚችሉ ማረጋገጫ ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

አሁን ያለሁት የኒው ኦርሊንሶቹ ዘ ሚተርስ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጡት «ሲሲ ስትራት» ላይ ነው። ቤዝና ጊታር አንዱን ዜማ አብረው ይሄዱበታል፤ ስለዚህ መደበቂያ የለም። ስምንት ዙር ያለ ችግር እሄዳለሁ፤ ዘጠነኛው ላይ «ጡ» ትጠፋለች። ሐሙስ የቀዳሁትን እልክላችኋለሁ። ከመካከላችሁ ከበሮ ያለው ካለ፣ እባካችሁ ቤታችሁ ምድር ቤት እንደሆነም ጻፉልኝ።