ባለ ሰይፉ ሰውዬ

አባቴ ድሬዳዋ እያለ ከአንድ ጣሊያናዊ መካኒክ የገዛት ቢስክሌት ነበረችው። ሌኛኖ የሚባል የጣሊያን ሥሪት ናት። ከመሪው ዝቅ ብሎ፣ ልክ ግንባሯ ላይ፣ ሰይፉን ወደ ሰማይ ያነሳ ትንሽ የነሐስ ሰውዬ አለባት። ልጅ ሳለሁ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይመስለኝ ነበር።

«አባዬ፣ ፈረሱስ የታለ?» አልኩት አንድ ቀን።

ኮርቻውን መታ መታ አደረገና «ይኸውልህ!» አለኝ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ቀለም ቀቢ ምልክቱን ሳይነቅል በላዩ ላይ ጥቁር ቀለም ደፋበት። እስካሁን ያንገበግበኛል። ባለፈው ክረምት ላድሳት ተነሳሁ። በቀለም ማስለቀቂያ እያራስኩ በእንጨት ስንጥር ቀስ ብዬ ፋቅኩት። ብረት አላስነካሁትም፤ ነሐስ ቶሎ ይጫራል። መጀመሪያ የሰይፉ ጫፍ ብቅ አለ። ከዚያ ክንዱ፣ ከዚያ ጋሻው። ጠርዙ ስር ደግሞ የድሮው ቀለሟ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላው አረንጓዴ፣ እንደ ክር ቀጥኖ ተርፏል።

ሰውዬው አልቤርቶ ዳ ጁሳኖ ይባላል። ሌኛኖ ሚላን አጠገብ ያለች ከተማ ናት። የሰሜን ጣሊያን ከተሞች ተባብረው የጀርመኑን ንጉሠ ነገሥት ፍሬዴሪክ ባርባሮሳን ድል የመቱት እዚያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1176። አልቤርቶ የዚያ ውጊያ ጀግና ነው ተብሎ ይተረካል፤ የታሪክ አጥኚዎች ግን አፈ ታሪክ ነው ይላሉ። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ሌላ ነው። እኛን በወረረች አገር የተሠራች ቢስክሌት፣ ወራሪን የመለሰ ሰው ግንባሯ ላይ ይዛ ድሬዳዋ ገባች። አባቴ ይህን ሳያውቅ አረፈ። ቢሰማ እንዴት ደስ ባለው!

ጣሊያናዊው ቢስክሌተኛ ፋውስቶ ኮፒ ገና በ20 ዓመቱ እ.ኤ.አ. የ1940ውን የጣሊያን ዙር የቢስክሌት ውድድር ያሸነፈው ለሌኛኖ ቡድን ሲወዳደር ነው። ውድድሩ ባለቀ ማግስት ጣሊያን ጦርነት ውስጥ ገባች።

የሌሎች ቢስክሌቶች ምልክቶችም የየራሳቸው ወሬ አላቸው። የእንግሊዙ ራሌ ላይ ያለችው ባለ ረጅም አንገት ወፍ ከባለቤቱ ከፍራንክ ቦውደን የቤተሰብ አርማ የመጣች ናት። ሌላው የእንግሊዝ ሥሪት ቢ.ኤስ.ኤ. ላይ ተደጋግፈው የቆሙት ሦስት ጠመንጃዎች ደግሞ ሥራቸውን ይናገራሉ፤ ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1861 በርሚንግሃም ላይ ያቋቋሙት ጠመንጃ ሠሪዎች ናቸው። ቢስክሌት የመጣው በኋላ ነው።

ያኔ ምልክት ማለት በቅርጽ ማተሚያ የተመታ ቆርቆሮ ነበር፤ በትንንሽ ብሎን ወይም በሪቬት ይታሰራል። በኋላ የሚለጠፍ ወረቀት ረከሰና ብዙዎቹ ወደዚያ ዞሩ። ወረቀት ፀሐይ ይበላዋል። የእኔው ሰውዬ ግን ያን ሁሉ ጥቁር ቀለም ችሎ ወጣ።

ብብቱ ስር ትንሽ ጥቁር ቀርቷል። ቅዳሜ ስንጥሬን ይዤ እመለስበታለሁ።