አንድ በር እየዘለልኩ

ሦስተኛ ሳምንቴ ነው አንድ ምዕራፍ ላይ ተቸክዬ። ዛሬም ደሴ ገና በአሥር ሰዓት ጭጋጓን ለበሰች፣ እኔም ጋቢዬን ደርቤ ተቀመጥኩ፣ አንድ አንቀጽ ጽፌ ሁለት አጠፋሁ።

የምጽፈው ምናባዊ ልቦለድ ነው። ዘንዶ የለበትም፣ አትጠብቁ። ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት፤ ጦሳን እያየ ላደገ ሰው ከየት እንዳመጣኋት መደበቅ አልችልም። ከተማዋ ውስጥ አስማት አለ። ዝናብ መጥራት ይቻላል፣ የጠፋ ፍየል ማግኘት ይቻላል፣ ማንም ምንም አይልም። የተከለከለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሰው ስም መሥራት።

ይቺን እንኳ ከራሴ አላመነጨኋትም። እኛ ዘንድ ኮከብ ቆጣሪ ጋ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙንና የእናቱን ስም ነው። ፊደሎቹ ወደ ቁጥር ይለወጣሉ፣ ይደመራሉ፣ በ12 ይገደፋሉ፣ የተረፈው ኮከቡ ነው። ክታብም እንደዚያው ነው። ደብተራው ብራናውን ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆርጠዋል፣ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው፤ ስሙንም ጸሎቱ መሀል ያስገባዋል። እማ «የክርስትና ስምሽን ለማንም እንዳትናገሪ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። በእኔ ከተማ ደግሞ ስምህንና የእናትህን ስም ያገኘ አስማተኛ ጥላህን ከድንጋይ ጋር ይሰፋዋል። አትሞትም። ትወጣለህ፣ ትገባለህ፣ ጥላህ ግን እዚያው ነው፤ ቀስ እያልክ መጀመሪያ የቤትህን መንገድ፣ ቀጥሎ የልጅህን ፊት ትረሳለህ።

እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር የጻፍኩት። ቅጣቱ ላይ ስደርስ ነው የተቸከልኩት።

መጀመሪያ አስማተኛዋን አቃጠልኳት። አልሆነም። ገደል ሰደድኳት፣ እሱም አልሆነም፤ ሰው ሲቃጠልና ሲወድቅ አንባቢ ለምዶታል። ታሪክ ላገላብጥ ብዬ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጋ ደረስኩ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ማለቴ ነው። ጥንቆላና ባዕድ አምልኮን ለማጥፋት ሕዝቡ የሥላሴን ስም ግንባሩ ላይ፣ ሰይጣንን መካዱን ደግሞ እጆቹ ላይ ጽፎ እንዲሄድ አዝዘው ነበር። ደስክና ዲኖ የሚባሉትን አምልከዋል ተብለው የተከሰሱ የገዛ ልጆቻቸው እንኳ ከቅጣቱ አላመለጡም። ዜና መዋዕሉ በሐሰት የሚከሱ ሰዎች እንደነበሩም ይናገራል። እዚች ላይ ቆም አልኩ።

ከዚያ ዘጸአትን ከፈትኩ። ምዕራፍ 22፣ ቁጥር 18፦ መተተኛይቱ በሕይወት እንዳትኖር። ያውቁታል ሁሉም፣ ሲጠቅሱት ሰምቻለሁ። አራት ቁጥር ወረድ ስትሉ፣ እዚያው ገጽ ላይ፣ ባሏ የሞተባትን ሴት እንዳታስጨንቁ ይላል። ይሄኛውን ሲጠቅሱት አልሰማሁም።

ከጎረቤታችን አንዲት ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። እትዬ ነበር የምላቸው፣ ስማቸውን አልጽፈውም። የሰፈር ልጅ ታመመ፣ የአንዱ ላም ወተት ነጠፈች፣ ደጃፍ ላይ በቀይ ክር የታሰረ ቁራጭ ቆዳ ተገኘ። በቃ። ወሎ ነውና ግማሹ ጸበል ሮጠ፣ ግማሹ ሼሁ ዘንድ ዱአ ሊያስደርግ ሄደ፤ እሳቸው ላይ ግን ሁሉም በአንድ ቃል ተስማማ። ማንም አልመታቸውም። ማንም አልሰደባቸውም። ቡና መጠራታቸው ቀረ፣ ያ ነው።

ቡና የምጠራው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ። ቡናው ሲቆላ እማ «ጥሪ» ትለኛለች፣ እኔ እየዘለልኩ በየደጃፉ «ቡና ጠጡ ተብላችኋል!» እላለሁ። የእትዬ በር ከእኛ ሦስተኛ ነው። ሁለተኛውን ጠርቼ ወደ አራተኛው እሄዳለሁ። ከውስጥ ድምፄን ይሰማሉ፣ ሲቀርብም ሲርቅም። አንዳንዴ በራቸው ገርበብ ብሎ ነጠላቸውን ለብሰው ቁጭ ብለው አያቸዋለሁ፣ ለመውጣት ተዘጋጅቶ እንደተቀመጠ ሰው። ወራት እንዲህ ሄደ፤ ዓመትም ሳይሆን አይቀርም፣ የልጅ ሂሳብ አይታመንም።

አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ። ድፎ ጋግረዋል፣ የኮባው ቅጠል ታችኛው ቅርፊት ላይ መስመር መስመር ሠርቶበታል፣ ገና ይተናል። ቆርሰው ሰጡኝ። እጄን አቃጠለኝ። ተቀበልኩና እያዩኝ፣ አዎ እያዩኝ፣ ለውሻችን ወረወርኩት።

ምንም አላሉም። ቀዳዳዋ ላይ ትንሽ ቆዩና ገቡ።

ዛሬ ማታ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ጻፍኩት። ገደሉን አወጣሁት፣ ወታደሮቹን ሁሉ አባረርኳቸው። የከተማዋ ዳኛ ፍርዱን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ቅጣቱን የምታደርሰው የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ በየቀኑ በየበሩ ስም እየጠራች ትዞራለች፣ አንዱን ስም ትዘላለች። በዚያ ከተማ ስሙ ያልተጠራ ሰው ድምፁ ይቀንሳል። አስማተኛዋ ጥፋተኛ ትሁን አትሁን ገና አልወሰንኩም። ልጅቷም አታውቅም፣ ማንም አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም።

ለእማ አነበብኩላት። አሁን ዓይኗ ደክሟል፣ ማታ ማታ እኔ ነኝ የማነብላት። የዳቦውን ነገር እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር፣ እሱንም አብሬ ነገርኳት። ረከቦቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ዝም አለች።

«ውሻው በላው?» አለችኝ።

«በላው።»

«እና ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም፣ እማ።»

ሲኒዎቹን ማጠብ ጀመረች።