ሽሪምፕ ከፍሪዘር ወጥቶ መጥበሻ ላይ እስኪደርስ
ለመጀመሪያ ጊዜ ሽሪምፕ (ልጣጭ ያለው ትንሽ የባሕር እንስሳ) ስሠራ በረዶው ሳይለቅ የጋለ መጥበሻ ላይ ገለበጥኩት። ዘይቱ ተንጣጣ፤ ወዲያው መጥበሻው ውሃ ሞላ። የፈለግኩት ጥብስ ነበር፣ የወጣልኝ ቅቅል ነው። ውሃው እስኪመጥ ስጠብቅ ደግሞ ሥጋው እንደ ጎማ ሆነ።

ውሃው ከየት መጣ? ፍሪዘር ውስጥ እንዳይደርቅ ሲባል እያንዳንዱ ሽሪምፕ ስስ በረዶ ይለብሳል። አሁን ማታውኑ ወንፊት ላይ አድርጌ፣ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጬ፣ ከድኜ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ወንፊቱን አትናቁት፤ ያለ እሱ ሽሪምፑ በራሱ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል። ከቸኮልኩ ውሃ በማያስገባ ፌስታል አስሬ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ ግማሽ ኪሎ በ30 ደቂቃ ገደማ ይለቃል። ጠረጴዛ ላይ ወይም ሙቅ ውሃ ውስጥ ግን በፍጹም፤ መሃሉ ገና በረዶ ሆኖ ሳለ ላዩ ለባክቴሪያ ይመቻል።

ከዚያ ልጣጩን አወልቃለሁ። ጀርባውን በቢላዋ ጫፍ ሰንጠቅ አድርጌ ጥቁሩን ክር እስባለሁ። ደም ሥር የሚመስላቸው አሉ፤ አንጀቱ ነው። ቢበላ ባይጎዳም አሸዋ ስለሚኖረው ጥርስ ሥር ይንቀጫቀጫል። ልጣጩን አልጥለውም፤ ከሽንኩርት ጋር 20 ደቂቃ ሲፈላ ግሩም መረቅ ይወጣዋል። እንግዳ ካለ ግን አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ አለርጂ የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን በእሳት አይጠፋም፣ መረቁ ውስጥም አለ።

ዋናው ማድረቅ ነው። ለግማሽ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሽቼ 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆየዋለሁ፤ ሥጋው ጠንከር ብሎ ጭማቂውን ይይዛል። ቀጥዬ በወረቀት ፎጣ አንድ በአንድ ተጭኜ አደርቀዋለሁ። አሰልቺ ነው፣ ግን ጥብስና ቅቅል የሚለዩት እዚህ ላይ ነው።

መጥበሻው በደንብ ሲግል፣ ሳላደራርብ፣ በየጎኑ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል። ግራጫው ወደ ሮዝ ሲለወጥና ሽሪምፑ እንደ ማጭድ ሲጎብጥ አወጣዋለሁ። ጫፍና ጫፉ ገጥሞ ቀለበት ከሠራ አልፎበታል። ቴርሞሜትር ላላችሁ፣ መሃሉ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ።

አንድ ጊዜ ግን ይህን ሁሉ ጠብቄም ደረቀብኝ። ከረጢቱን ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥቼ ሳነበው ቀድሞ የተቀቀለ ነበር። ከፍሪዘር ሲወጣ ጀምሮ ሮዝ ነበር፤ እሱ የሚፈልገው ማሞቅ ብቻ ነው። አሁን ሮዙን የምገዛው ለሰላጣ ነው፤ ለመጥበሻ ግራጫውን።