የጀንፈል ዋጋ በማን ስሌት?

በደኖ አካባቢ ቡና የሚያለሙት አጎቴ በዘንድሮው ለቀማ ማግስት ድሬዳዋ መጥተው ከዚራ ካለው ቤታችን አድረው ነበር። ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ ወደ እኔ ዞር አሉና «አንተ ከተማ ነህ፤ ለመሆኑ ቡና ዛሬ ስንት ዋለ?» ብለው ጠየቁኝ። ስልኬን ከፍቼ የኒውዮርክን የቡና ገበያ ዋጋ አገኘሁላቸው፤ ይሁንና እሱ የሚነገረው ለአንድ ፓውንድ ንጹሕ (የተፈለፈለ) ቡና በአሜሪካ ሳንቲም ሲሆን፣ እርሳቸው በኪሎ እየተመዘነ በብር የሚሸጡት ጀንፈል፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀ ያልተፈለፈለ ቡና ነው።

ወረቀት አንሥቼ ማስላት ጀመርኩ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 37 ከግማሽ ፓውንድ ነው። በ2017 ዓ.ም. የካቲት እንደታየው አንድ ፓውንድ 4 ዶላር ቢያወጣ፣ የንጹሕ ቡናው ፈረሱላ 150 ዶላር ገደማ ይሆናል። የሐረርጌ ቡና ግን ከነልጣጩ ስለሚደርቅ ከጀንፈሉ ክብደት ግማሽ ያህሉ ገለባ ነው (በእኛ በኩል ገለባውም ተፈልቶ ይጠጣል እንጂ አይጣልም)። ከዚህ ላይ የመፈልፈያው፣ የመጓጓዣው፣ የሰብሳቢው፣ የአቅራቢውና የላኪው ድርሻ ይቀነሳል፤ የምንዛሪው ዋጋም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን የትናንቱ ስሌት ለዛሬ ላይሠራ ይችላል። ቁጥሩን በእጄ ይዤ እንኳ እርግጠኛ የሆነ መልስ ልሰጣቸው አልቻልኩም።

በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዕለታዊ ዋጋን ለሕዝብ ማሳወቁ ትልቅ ነገር ነው፤ በ934 የስልክ መስመርም ዋጋ እንዲሰማ አድርጓል። ነገር ግን የሚነገረው በደረጃ የተለየ ቡና በፈረሱላ የተሸጠበት ዋጋ እንጂ አጎቴ በራቸው ላይ የሚያስመዝኑት የጀንፈል ኪሎ ዋጋ አይደለም። ሰብሳቢው «ፈረሱላ ይህን ያህል ነው» ሲላቸው የንጹሑን ይሁን የጀንፈሉን ለይቶ የሚነግራቸው የለም።

እኚሁ ሰው ስለ ጫት ሲጠየቁ ግን አያመነቱም። ጫት ካደረ ስለሚጠወልግ ገዢም ሻጭም በየሰዓቱ ወደ ጫት ገበያዋ ከተማ አወዳይ ይደውላል፤ በአንድ ዓይነት መለኪያ ስለሚነጋገሩም ዋጋው ሳይዛባ ቀበሌ ድረስ ይደርሳል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የዓለም የቡና ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወርድ አጎቴ ከማሳቸው ግማሹን ነቅለው ጫት ተክለዋል። ያን ጊዜ ያስመረራቸው ዋጋው መውረዱ ብቻ አልነበረም፤ ለምን እንደወረደና መቼ እንደሚመለስ የሚነግራቸው አንድም ሰው አለመኖሩ ጭምር ነበር።

ዋጋን ማወቅ ብቻውን ሁሉን እንደማይፈታም አውቃለሁ። ክረምት ላይ ለልጆች ትምህርትና ለእህል ከሰብሳቢ የተበደረ ገበሬ፣ ዋጋውን ቢያውቅም ቡናውን ለአበዳሪው ከመስጠት ሌላ አማራጭ የለውም። ሆኖም ምን ያህል እንደቀረበት ካወቀ በሚቀጥለው ዓመት የብድሩን ውል ሲዋዋል ይከራከራል። ስለዚህ በየመመዘኛው ሥፍራ «የዛሬ ጀንፈል፣ አንድ ኪሎ» ተብሎ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚጻፍበት ሰሌዳ ቢኖር ብዬ እመኛለሁ።

እስከዚያው ሰኞ ሰኞ ማታ ስሌቱን ሠርቼ እደውልላቸዋለሁ። ባለፈው ሰኞ ስልኩን እንዳነሡ «ቆይ፣ ጎረቤቶቹም ይስሙ» ብለው ድምፁን ከፍ አደረጉት፤ ቁጥሩንም ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።