ኖትፓድና ሸሚዜ ያጠፉት የመልስ ቪዲዮ

የታላቅ እህቴ ሠርግ በ1998 ዓ.ም. የተቀረጸው በሁለት ቪሲዲ ነው። አንዱ ሲዲ የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኑ በመጀመሪያው፣ መልሱ በሁለተኛው ገባ፤ ሟች አባታችን ሲመርቅ የሚሰማውም በሁለተኛው ብቻ ነው። የቀረጸው ፎቶ ቤት ፒያሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ሲፈርስ እሱም አብሮ ስለተነሣ ዋናውን ካሴት የምጠይቀው ሰው አላገኘሁም።

ከሲዲው ውስጥ ትልቁን ፋይል ወደ ላፕቶፕ መገልበጡ ምንም አላስቸገረኝም። የፋይሉ ስም ግን መጨረሻው «ዳት» ስለነበረ ላፕቶፑ በምን ልክፈተው ብሎ ጠየቀኝ። አራት ኪሎ አንድ ጥገና ቤት ብወስደው ልጁ አንድ ጊዜ አየት አድርጎ «ቫይረስ በልቶታል» አለኝ፤ ለዚህችም አስከፈለኝ። «ዳት» ዳታ ከሚለው ቃል የተቆረጠ ቅጥያ ነው፤ ስለ ይዘቱ የሚናገረው ነገር የለም። ማንኛውም ፕሮግራም የራሱን መረጃ በዚህ ስም ሊያስቀምጥ ይችላል፤ አውትሉክ ከሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም የተላከ ሰነድም አንዳንድ ጊዜ «ዊንሜይል ዳት» በሚባል ፋይል ታሽጎ ይደርሳል። የቪሲዲው ደግሞ ኤምፔግ 1 በሚባለው አጨማመቅ የተቀመጠ ቪዲዮ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የራሴ ነው። ዳት ፋይል በኖትፓድ፣ ማለትም በዊንዶውስ ተራ የጽሑፍ ፕሮግራም፣ ይከፈታል የሚለውን በየቦታው የሚደጋገም ምክር አምኜ ከፈትሁት። ላፕቶፑ ብዙ ደርቆ ከቆየ በኋላ ገጹ ትርጉም በሌላቸው ምልክቶች ተሞላ። መጀመሪያው መስመር ላይ በላቲን ፊደል «ሪፍ»፣ ጥቂት ራቅ ብሎም «ሲዲኤክስኤ» የሚል ነበረ፤ ከቪሲዲ የተገለበጠ ፋይል የሚታወቀው በዚህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ እዚያው በቆምሁ። ልዘጋው ስል ለካ እጄ አንድ ቁልፍ ነክቶ ኖሯል፤ ለውጡን ላስቀምጥ ወይ ሲለኝ ሳላስብ አዎ አልሁ። ኖትፓድ ሁሉንም እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ መልሶ ስለጻፈው ቪዲዮው በዚያው ጠፋ።

ሲዲው አለ ብዬ ተጽናናሁ፤ ዳግመኛ ከመገልበጤ በፊት ግን በሸሚዜ ጫፍ ዙሪያውን ወለወልሁት። ሲዲ የሚጠረገው ከመካከሉ ወደ ጠርዙ በቀጥታ ነው፤ ዙሪያውን ሲወለወል ጭረቱ ንባቡን ተከትሎ ይሄዳልና። ከዚያ ወዲህ ግልበጣው መንገድ ላይ እየቆመ፣ ዊንዶውስም እስከዚያ የገለበጠውን እየሰረዘ አመሸን። ሲዲ ሴክተር በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ ተራ የዳታ ሲዲ ከእያንዳንዱ 2352 ባይት ሴክተር 2048ቱን ለመረጃ ሰጥቶ ከቀሪው አብዛኛውን ለስሕተት ማረሚያ ያውለዋል፤ ቪሲዲ ግን 2324ቱን ለምስልና ለድምፅ ስለሚወስድ ያ ተጨማሪ ማረሚያ የለውም። ማጫወቻው ዘሎት የሚያልፈውን ጭረት ኮምፒውተሩ እንቢ የሚለው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ከተጎዳ ሲዲ ፋይል የሚያወጣው አይሶበስተር የሚባል ፕሮግራም የማይነበበውን እየዘለለ አወጣልኝ፤ ቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲም ያለ አንዳች መቀየሪያ ከፈተው። ኮንቨርተር ጫኑ የሚላችሁን አትስሙ፤ ከመነሻው 352 በ288 ነጥብ የሆነ ምስል ዳግም ሲጨመቅ ይብስ ይደበዝዛል።

እህቴ አይታው «አባባ 'እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ' ካለ በኋላ ለምን ተቆረጠ?» አለችኝ። ሲዲው አርጅቷል አልኋት።