«የሚታይ ጉዳት የለም» ብዬ የጻፍኩ ቀን

የምሠራው አራዳ ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ሕክምና ቤት ነው። ሐኪም ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ከፖሊስ ደብዳቤ ጋር መጣ። እንጀራ አባቱ በቀበቶ እንደሚገርፈው ለመምህሩ ተናግሯል። ከተገረፈ ግን ሁለት ሳምንት አልፎታል። ከራሱ እስከ እግሩ አየሁት። ምንም የለም። «የሚታይ ጉዳት የለም» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም አስመትቼ ላክሁ።

ከቀናት በኋላ ሶሻል ወርከሯ ደወለችልኝ። «ዶክተር፣ አልተመታም ማለት ነው? ልጁን ወደ ቤቱ እንመልሰው?»

ደነገጥኩ። እኔ እንደዚያ አላልኩም! ወረቀቱን መልሼ ሳነበው ግን ሐኪም ያልሆነ ሰው ሌላ ምን ሊረዳ ይችላል? ሰንበር በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊጠፋ እንደሚችል አውቃለሁ። ወረቀቴ ላይ ግን የለም። የዚያኑ ቀን ማብራሪያ ጻፍኩ፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ልጁ አያቱ ጋ ቆየ።

ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ለብቻ፣ ልጁ ያለውን በራሱ ቃል ለብቻ፣ የእኔን አስተያየት ለብቻ እጽፋለሁ። ምልክት ካላገኘሁ «ይህ ድርጊቱ አልተፈጸመም ማለት አይደለም» የምትለውን ዓረፍተ ነገር አልረሳም። የወሲብ ጥቃት በተጠረጠረበት ጊዜ ደግሞ ይህች ዓረፍተ ነገር የግድ ናት፤ ጥቃት ከደረሰባቸው ልጆች የአብዛኞቹ ምርመራ ምንም ምልክት አያሳይም።

መርማሪዎች «መቼ ነው የተመታው?» ብለው ይጠይቁኛል። ድሮ የበለዘውን ቀለም አይቼ ቀን እገምት ነበር። ትቼዋለሁ። በቀለም ቀን መለየት አይቻልም፤ በጠይም ቆዳ ላይማ ቀለሙን ማየቱም ይከብዳል። ይልቅ ቦታውን በሥዕል አሳያለሁ፣ በሴንቲሜትር እለካለሁ። ሮጦ የሚወድቅ ልጅ ቅልጥሙ ቢበልዝ አይገርመኝም፤ ጆሮው ወይም አንገቱ ከበለዘ ግን ቆም እላለሁ። አንድ ጊዜ እናት ልትወነጀል የደረሰችው በሕፃኑ ወገብ ላይ ባለ ሰማያዊ ምልክት ነበር። ሲወለድ ጀምሮ ያለ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሜ ሳየው ያው ነው፤ ብልዝ ቢሆን ይለወጥ ነበር።

ውጤቱን ለማን እንደምሰጥም ተምሬያለሁ። ለመርማሪው በታሸገ ፖስታ፣ አስፈርሜ። ፎቶውን በቴሌግራም ላኪልኝ ሲሉኝ እምቢ እላለሁ። ትምህርት ቤቱ ልጁን ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ያህል ይነገረዋል እንጂ ሙሉውን ወረቀት አያገኝም። የሙያ ምስጢር ማውጣት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ያስጠይቃል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ልጁ ነገ ሰፈር ውስጥ የሚጠራበት ስም ነው።

የረሳሁት ሰው ልጁን ራሱን ነበር። አሁን ገና ጓንት ሳላደርግ፣ የማየውን ጽፌ ለማን እንደምልክ እነግረዋለሁ። በቅርቡ አንዷ «ለእማዬስ?» አለችኝ። «እንድነግራት ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «አንቺ ካለሽ» አለች። አብረን ነገርናት።